መወሰን ወይስ ማወቅ? «ኢየሱስን ራስህ ወስን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ካለፈው ወር ጀምሮ በአራት ኪሎ አካባቢ በፎቶ ኮፒ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር ባለ ስድስት ገጽ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «ኢየሱስ ማን እንደ ሆነ ራስህ ወስን» ይላል። በሰንበት ትምህርት ቤት ከማስተምራቸው ወጣቶች ሁለቱ ከቅዳሴ በኋላ አምጥተው «ለዚህ ምን መልስ አለው?» ብለው ሰጡኝ፤ እኔም በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ማንንም አይሳደቡም፤ ወንጌልን በፍቅር እንዳነበቡም ያስታውቃል። ስለዚህ ምላሹም በዚያው ልክ መሆን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ኢየሱስ ራሱ ደቀ መዛሙርቱን «እናንተስ እኔን ማን እንደ ሆንሁ ትላላችሁ?» ብሎ በመጠየቁ ፍርዱን ለእያንዳንዳችን ትቶታል፤ አምላክነቱ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ጉባኤ በንጉሥ ፈቃድና በድምፅ ብልጫ የተወሰነ ነው፤ በአገራችንም አባቶች በዚሁ ጉዳይ ተከፋፍለው ያሸነፈው ጉልበት ያለው ወገን ነው፤ ዛሬም በአዲስ አበባ በየቤተ እምነቱ የሚሰበከው ኢየሱስ የተለያየ ነው፤ ስለዚህ ከወላጅ የተቀበሉትን ትቶ ለራስ ሕይወት የሚናገረውን ኢየሱስ መምረጥ የእያንዳንዱ ሰው መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። አምስቱንም በቅደም ተከተላቸው እመለከታቸዋለሁ፤ ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ ግን እኩል ቦታ አልሰጣቸውም።

አስቀድሞ ስለ ራሱ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «መወሰን» ከ«ወሰን» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው፤ ወሰነ ማለት ድንበር አበጀ፣ እስከዚህ ነው አለ ማለት ነው። ሰው ሥራውን፣ ትዳሩን፣ የሚኖርበትን ሰፈር ይወስናል፤ በእነዚህ ላይ ድንበር ለማበጀት ሥልጣን አለውና። የሌላውን ሰው ማንነት ግን አይወስንም። ጎረቤቴ ማን እንደ ሆኑ ቀርቤ፣ ጠይቄ፣ ሰምቼ፣ በደስታቸውም በሐዘናቸውም አብሬ ውዬ የማውቀው ነገር ነው፤ ብሳሳት የተሳሳትሁት እኔ ነኝ እንጂ እርሳቸው በእኔ ስሕተት አይለወጡም። ስለ ጎረቤት ይህ እውነት ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይወሰን አምላክ ብላ ስለምታመልከው፣ ስለ እኛም ሲል በማኅፀነ ድንግል ተወሰነ ብላ ስለምታስተምረው ስለ እርሱማ እንዴት አብልጦ እውነት አይሆንም! ወሰን ካለው ራሱ ወዶ የተቀበለው ወሰን ነው፤ ከዳዊት ዘር መወለዱ፣ በናዝሬት ማደጉ፣ በጴንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን መሰቀሉ። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እንኳ፣ ክርስቲያኖችን እየናቀ፣ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ እጅ መገደሉን መዝግቧል። ይህን መልክ እኛ አልሰጠነውም፤ ልንነሣውም አንችልም። ጸሐፊው «ወስን» ባሉበት ቦታ ሁሉ «እወቅ» ብለው ቢሆን ኖሮ ከጽሑፋቸው ግማሹን ያለ ክርክር እቀበል ነበር።

ወደ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ስንመጣ ጸሐፊው ጥያቄውን ጠቅሰው መልሱን ትተውታል። በፊልጶስ ቂሣርያ ከዚያ ጥያቄ በፊት ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ሰዎች የሰውን ልጅ ማን ይሉታል የሚል። የተሰጡት መልሶች መጥምቁ ዮሐንስ፣ ኤልያስ፣ ኤርምያስ ወይም ከነቢያት አንዱ የሚሉ ነበሩ። ሕዝቡ እንግዲህ በራሱ ግምት ወስኖ ነበር፤ ግምቱም የክብር ግምት ነበር። ጌታ ግን በዚያ አልረካም። «እናንተስ» ብሎ ጠየቀ፤ «አንተስ» አላለም፤ ጥያቄው አብረውት ለኖሩት፣ ሲያስተምርም ሲፈውስም ላዩት ለአንድ ማኅበር የቀረበ ነው። ጴጥሮስ «አንተ ክርስቶስ የሕያው እግዚአብሔር ልጅ ነህ» ባለ ጊዜም የተመለሰለት «መልካም ወስነሃል» የሚል ቃል አይደለም፤ «በሰማያት ያለው አባቴ እንጂ ሥጋና ደም ይህን አልገለጠልህምና ብፁዕ ነህ» የሚል ነው። አንደበቱ የጴጥሮስ ነው፤ ድፍረቱም፣ ልቡም የጴጥሮስ ነው፤ እውነቱ ግን የተገለጠለት እንጂ እርሱ ያመነጨው አይደለም።

ከዚያ የሚከተለው ደግሞ የጸሐፊውን ክርክር ከሥሩ የሚነካ ነው። ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ መከራ እንደሚቀበልና እንደሚገደል ሲነግራቸው፣ ያው ጴጥሮስ ወደ ጎን ወስዶ «አይሁንብህ ጌታ ሆይ» እያለ ይገሥጸው ጀመር፤ የሰማውም መልስ «ወደ ኋላዬ ሂድ፥ አንተ ሰይጣን» የሚል ሆነ። ጴጥሮስ ስሙን በትክክል ጠርቶ ነበር፤ ክርስቶስ ምን ዓይነት ክርስቶስ መሆን እንዳለበት ግን አስቀድሞ በልቡ ወስኖ ነበር። የማይሰቀል ክርስቶስ ነበር የፈለገው። ይህን የፈለገው ከክፋት አይደለም፤ ስለሚወደው ነው፤ ይሁን እንጂ በፍቅር የተበጀም ቢሆን ወሰን ወሰን ነው፣ ጌታም አልተቀበለውም። ብፁዕ የተባለው ሰውና ሰይጣን የተባለው ሰው አንድ መሆኑን፣ በሁለቱ መካከልም የጥቂት ቁጥሮች ርቀት ብቻ መኖሩን ሳስብ ሁልጊዜ እፈራለሁ። ጸሐፊው ቁጥር 15ን ነጥለው ሲወስዱ ቁጥር 17ና ቁጥር 23 ከገጹ ወጥተዋል። ሆን ብለው አደረጉት አልልም፤ ክርክራቸው ግን ሁለቱ ካልወጡ አይቆምም።

«በኒቅያ በድምፅ ብልጫ አምላክ ተደረገ» የሚለው ሁለተኛው ነጥብ በከተማችን በሰፊው ሲነገር የምሰማው ስለ ሆነ ረጋ ብዬ ልመልስበት። በኒቅያ የተነሣው ጥያቄ ኢየሱስ ተራ ሰው ነው ወይስ አምላክ የሚል አልነበረም። ለጉባኤው መሰብሰብ ምክንያት የሆነው የእስክንድርያው ካህን አርዮስ ራሱ ወልድ ከዓለም በፊት እንደ ነበረና ዓለም በእርሱ እንደ ተፈጠረ ያስተምር ነበር፤ የካደው ከአብ ጋር እኩልና ዘለዓለማዊ መሆኑን ነው፤ «ያልነበረበት ጊዜ ነበር» የሚለው አባባሉም የታወቀ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ሊያስመርጡን የሚፈልጉትን ደግ የሥነ ምግባር መምህር ይዞ ወደ ጉባኤው የገባ ወገን በዚያ አልነበረም። ድምፁም በጥቂት ልዩነት ያለፈ ድምፅ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሠለስቱ ምዕት ብላ 318 ሊቃውንትን በምትዘክርበት በዚያ ጉባኤ፣ ከአርዮስ ጋር ጸንተው የሃይማኖቱን መግለጫ እስከ መጨረሻው አንቀበልም ያሉት የሊቢያዎቹ ሴኩንዱስና ቴዎናስ፣ ሁለት ጳጳሳት ብቻ ነበሩ።

ከጉባኤው በፊት የነበረውን ደግሞ እንመልከት። ኒቅያ የምትገኘው በዛሬዋ ቱርክ ውስጥ በነበረው በጥንቱ የቢታንያ አውራጃ ነው። የዚያው አውራጃ ሮማዊ ገዥ የነበረው ፕሊኒ እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን በጻፈው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖችን መርምሮ ያገኘውን ሲያስረዳ፣ በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ብሏል። ይህን የጻፈው ጳጳስ አይደለም፤ አማኞችን በሞት የሚቀጣ አሕዛባዊ ሹም ነው፤ የጻፈውም ኒቅያ ከመሰብሰቧ ከ200 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። በዚያው ዘመን፣ ለአራዊት ሊጣል ወደ ሮም ይወሰድ የነበረው የአንጾኪያው አግናጥዮስ፣ እኛ «ምጥው ለአንበሳ» የምንለው፣ በመንገድ ላይ ሆኖ በጻፋቸው መልእክታት ኢየሱስ ክርስቶስን አምላካችን እያለ ይጠራዋል።

ከዚህም ወደ ኋላ እንሂድ። ቅዱስ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ55 ገደማ ለቆሮንቶስ ሰዎች በግሪክ ቋንቋ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት መጨረሻ ላይ አንድ የአራማይክ ቃል ሳይተረጉም ተወው፤ «ማራናታ»፣ ጌታችን ሆይ ና። ግሪክ ተናጋሪዎቹ የቆሮንቶስ አማኞች ይህን ጸሎት በባዕድ ቋንቋ ያውቁት ከነበረ፣ ጸሎቱ የመጣው አራማይክ ይናገሩ ከነበሩት ከመጀመሪያዎቹ አማኞች፣ ከሐዋርያት አገር ነው። ለሞተ መምህር መታሰቢያ ይደረግለታል፣ ትምህርቱ ይጠቀስለታል፤ «ጌታችን ሆይ ና» ተብሎ ግን አይጸለይለትም። በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ይህን ጸሎት አልፈጠሩትም፤ ሲጸልዩት አደጉ።

የንጉሡ ጉዳይ ይቀራል። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ጉባኤውን መጥራቱ እውነት ነው። ነገር ግን ቤተ መንግሥት የወሰነውን ብቻ አመንን ብንል ኖሮ ዛሬ አርዮሳውያን በሆንን ነበር። ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ337 ሊሞት ሲል የተጠመቀው ለአርዮስ ወገን ከሚያደሉት አንዱ በነበረው በኒቆምዲያው አውሳብዮስ እጅ ነው። ልጁ ቁንስጣንዮስ የአርዮሳውያን ደጋፊ ሆነ። የኒቅያን ሃይማኖት የጠበቀው የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ተሰዷል። ጉዳዩ እኛም ቤት ደርሷል፤ ቁንስጣንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለሳይዛና በጻፈው ደብዳቤ፣ አትናቴዎስ የሾመውን ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ በእስክንድርያ በተተካው አርዮሳዊ ጳጳስ ፊት ቀርቦ እንዲመረመር ላኩት ብሏቸው ነበር። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ ገልብጦ አቆይቶልናል። የዓለም ኃያል ንጉሥ የፈለገው ሃይማኖት ግን በኢትዮጵያ ሥር አልሰደደም። ጸሐፊው ይህን ታሪክ ከራሳችን ቤት እንዴት እንዳላነሡት ይገርመኛል።

ሦስተኛው ነጥብ የሚያሳዝን እውነት አለበት፤ እርሱን ሳልደብቅ ልናገር። በአገራችን በነገረ ክርስቶስ ምክንያት ደም ፈስሷል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ሲጭኑ ብዙ ሰው አልቋል። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ ክርክሩን በተዋሕዶ ከዘጉት በኋላ በተከታዩ ጊዜ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ተገደዋል። ይህን ማንም ክርስቲያን በኩራት ሊያወራው አይገባም፤ በግድ የተጠመቀ ሰው ስለ ክርስቶስ የመሰከረው አንድም ነገር የለምና። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ከዚህ ተነሥተው «እንግዲህ እውነት የለም፣ ያለው ጉልበት ነው» ሲሉ ግን ታሪኩ ራሱ አይደግፋቸውም። የሱስንዮስ ጉልበት አልተሳካለትም፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀው የቀደመው ሃይማኖት ተመለሰ። የቅባት፣ የጸጋና የካራ ሊቃውንት ክርክርም «ለእኔ ኢየሱስ እንዲህ ነው» የሚባባሉ ሰዎች ክርክር አልነበረም። ሁሉም እርሱ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው መሆኑን ያምኑ ነበር፤ የተከራከሩት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 «እግዚአብሔር የናዝሬቱን ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ በኃይልም ቀባው» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ነው። የካራው ወገን ሥጋ በተዋሕዶ ከበረ አለ፤ የቅባቱ በቅብዐት ከበረ አለ፤ የጸጋው ደግሞ ከአብና ከድንግል ልደቱ ሌላ በመንፈስ ቅዱስ የጸጋ ልደትን ጨመረ። እያንዳንዳቸውም ከመጽሐፍ፣ ከሃይማኖተ አበው፣ ከቄርሎስ እየጠቀሱ ነበር የሚከራከሩት። እውነት የለም ብሎ የሚያምን ሰው በአንድ ቃል ትርጉም ላይ መቶና ሁለት መቶ ዓመት አይከራከርም። የአንድምታ መምህራን «አንድም» እያሉ በአንድ ቁጥር ላይ ብዙ ትርጓሜ ሲያወርዱ የሚሰማ ሰው፣ ይህ ትውፊት ማሰብን የሚከለክል እንዳልሆነ ያውቃል፤ የሚከለክለው ንባቡን ትቶ ከራስ ልብ ማንበብን ነው።

አራተኛውን ነጥብ በጽሑፍ ከመመለስ ይልቅ በእግር መመለስ ይቀላል። ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ፈርሶባት መልኳ ቢለወጥም መንገዱ ያው ነው። ከመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተነሥተን የአርመኖቹን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ በአባ ሰላማ በፍሬምናጦስ ስም የተሰየመውን የግሪኮቹን ቤተ ክርስቲያን፣ አምስት ኪሎ ደግሞ መካነ ኢየሱስን ብንጎበኝ፣ ከሁሉም ዘንድ የኒቅያን የሃይማኖት መግለጫ እናገኛለን። እኛና አርመኖች ከግሪኮች ጋር እ.ኤ.አ. በ451 በተደረገው በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ተለያይተናል፤ መካነ ኢየሱስ ከሉተራውያን ወገን ነው፤ ስለ መንፈስ ቅዱስ መውጣት በምዕራብ የተጨመረው ቃልም ሌላ ልዩነት ነው። እነዚህን ልዩነቶች አቃልላቸው ዘንድ አልፈቅድም፤ ኀዘን ናቸው። ነገር ግን 15 ምእተ ዓመታት ሊያስታርቋቸው ያልቻሉ ወገኖች «አምላክ ዘእምአምላክ ዘበአማን»፣ ከእውነተኛ አምላክ የተገኘ አምላክ፣ የሚለውን አንድ ቃል በየቋንቋቸው መያዛቸው፣ ጸሐፊው ካሉት ተቃራኒውን ያሳያል። ይህን ቃል የማይቀበሉ ማኅበራትም በከተማችን እንዳሉ አውቃለሁ። እነርሱም ቢሆኑ መጽሐፍ እንዲህ ይላል ብለው ይሟገታሉ እንጂ እኔ እንዲህ መረጥሁ አይሉም። ዒሳን ነቢይ የሚሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይህን የሚሉት ተገልጦልናል ብለው ነው። በከተማችን ስለ እርሱ ከልቡ የሚናገር ሁሉ፣ ቢሳሳትም ባይሳሳትም፣ ማንነቱን ከራሱ አላመነጨም።

የመጨረሻው ነጥብ ወጣቶቹን ከሁሉ ይልቅ የነካቸው ነው፤ እኔንም ይነካኛል። ከአባትና ከእናት የተቀበሉት ሃይማኖት የራስ ካልሆነ በቂ አይደለም ሲሉ ጸሐፊው ልክ ናቸው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የሰማርያ ሰዎች ለሴቲቱ «ስለ ቃልሽ የምናምን አይደለንም፤ እኛ ራሳችን ሰምተነዋልና» ይሏታል። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ በዚያ አያልቅም፤ «እርሱም በእውነት ክርስቶስ የዓለም መድኃኒት እንደ ሆነ እናውቃለን» ብሎ ይፈጽማል። ሴቲቱ የነገረቻቸውን ጥለው ሌላ ኢየሱስ አላበጁም፤ የነገረቻቸውን እርሱን ራሱን አገኙት።

ጸሐፊው ግን «ለሕይወትህ የሚናገረውን ምረጥ፣ የማይናገረውን ተው» ይላሉ። ይህን በምላጭ የሞከረ ሰው አለ። ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን በስተ እርጅናው፣ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ፣ በአራት ቋንቋዎች የታተሙ አዲስ ኪዳኖችን ቆርጦ የወደደውን ብቻ በባዶ ደብተር ላይ ለጠፈ። ተአምራቱ ወጡ፤ ትንሣኤውም ወጣ፤ ታሪኩ በመቃብሩ ደጃፍ ድንጋዩ ተንከባልሎ ሰዎቹ ሲሄዱ ያበቃል። የቀረው ኢየሱስ ጀፈርሰንና ጓደኞቹ ያለ ችግር የሚስማሙበት የዘመኑ ጨዋ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የነገረ መለኮት ምሁሩ አልበርት ሽቫይትሰር የአውሮፓ ምሁራን የጻፏቸውን የኢየሱስ የሕይወት ታሪኮች አንድ በአንድ መርምሮ ያየውም ይኸንኑ ነው፤ እያንዳንዱ ዘመን በእርሱ ውስጥ የራሱን አሳብ አግኝቷል።

እኔም ደብተር ነበረኝ። የስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ ከወንጌል የምወዳቸውን ቃሎች ብቻ የምገለብጥበት ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ነበር። ለድሆች የተነገረው ብፅዕና፣ የገንዘብ ለዋጮች ገበታ መገልበጡ፣ በፈሪሳውያን ላይ የወረደው ወዮታ ሁሉ በዚያ ነበር፤ የፍትሕ ኢየሱስ ነበር የያዝሁት፣ እወደውም ነበር። ከተመረቅሁ በኋላ አባታችን ዐረፉ፤ ሠራተኛ ሰፈር ያለችው ቤታችን ከታላቅ ወንድሜ ጋር አጣላችን። ድርሻዬን ከልክሎኝ ነበር፤ እውነቱ ከእኔ ጋር እንደ ነበር ዛሬም አልጠራጠርም። በፍርድ ቤት ክርክሩ መካከል፣ የፍትሑ ኢየሱስ ከእኔ ጋር ቆሟል ብዬ በፍጹም ልቤ አምን ነበር።

አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ የዕለቱ ወንጌል ከሉቃስ ምዕራፍ 12 ተነበበ። ምንባቡን እኔ አልመረጥሁትም፤ ካህኑም አልመረጡትም፤ የየዕለቱን ምንባብ የሚደነግገው ግጻዌ ያዘዘው ነው። አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል «መምህር ሆይ፥ ርስቱን ከእኔ ጋር እንዲካፈል ለወንድሜ ንገረው» አለው። ቃሉ የእኔ ቃል ነበር፤ በየሌሊቱ የምጸልየው ጸሎት ነበር። መልሱ ግን «አንተ ሰው፥ ፈራጅና አካፋይ በላያችሁ እንድሆን ማን ሾመኝ?» የሚል ሆነ፤ ቀጥሎም ከመጎምጀት ሁሉ ተጠበቁ አላቸው። ቤት ገብቼ ደብተሬን ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ፤ አልነበረም። ወንጌልን ደጋግሜ ያነበብሁ ሰው ነኝ፤ ሳልፈው ኖሬአለሁ ማለት ነው። ለሕይወቴ አይናገርም ብዬ ያለፍሁት ያ ቃል፣ በዚያ ዓመት ለሕይወቴ የሚናገር አንድ ቃል ቢኖር እርሱ ነበር።

ለጸሐፊው በአክብሮት የማቀርበው ጥያቄ ከዚህ የተነሣ ነው። እርሳቸው ባስተማሩት መንገድ ብሄድ፣ ያን ቁጥር በዚያ ወራት ከየትኛው ወገን አኖረው ነበር፤ ከተመረጠው ነው ወይስ ከተተወው? በዚያ ቃል ጎትቶ እስከ ወንድሜ ደጅ ያደረሰኝን እርሱንስ እኔ ወሰንሁት ልበል?